ሳያለቅስ የተወለደው ልጄ ይራመዳል? ለአንዲት እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የመጀመሪያ ልጄን በዘጠኝ ወሬ ነው የወለድኩት። ምጡ ከአንድ ቀን በላይ ቆየ። ልጁ ሲወጣ አላለቀሰም፣ ጠቁሮ ነበር። ፊቱ ላይ ጭንብል ይዘው አየር እየጨመቁ ሰጡት። ካርዱ ላይ አፕጋር 3 እና 5 ይላል። በዚያው ሌሊት አንቀጠቀጠው። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል 9 ቀን ተኛ፣ በቱቦ ነበር የሚመገበው። አሁን 6 ሳምንቱ ነው። ጡት ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይደክመዋል፣ ትን ይለዋል። ማንቀጥቀጡን እንዲያቆም የታዘዘለትን ፌኖባርቢታል እየሰጠሁት ነው። አማቴ በእርግዝናሽ የጠጣሽው ጠላ ነው ትለኛለች፣ ቢተኮስ ይሻለዋልም ትላለች። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ እዚህ ቢሆን ኖሮ አቀዝቅዘው ያድኑት ነበር አለችኝ። ስንወጣ ሐኪሙ ‹ጊዜ ነው የሚያሳየው› አለኝ። ልጄ ይራመዳል? ዝም ብዬ ልጠብቅ?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ይህንን ያልኩሽ ለወግ አይደለም። ደብዳቤሽን ሳነብ ማንም ያላለሽ መሰለኝ። ቤቱ ሁሉ ሕፃኑን ሲያይ አራሷን ይረሳል።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አይ፣ ዝም ብለሽ አትጠብቂ። ይራመዳል ወይ ለሚለው ግን በ6 ሳምንቱ እርግጠኛ ሆኖ የሚመልስልሽ ሰው የለም። «ይራመዳል፣ አታስቢ» ያለሽንም «ይኼ ልጅ አይሆንም» ያለሽንም አትመኚ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለማያዩት ነገር ነው።

ሐኪሙ «ጊዜ ነው የሚያሳየው» ሲልሽ አልዋሸሽም። ግን ግማሹን ነግሮሽ ነው የሸኘሽ። መቼ፣ ምን ብለሽ፣ ምኑን እንደምታዪ አልነገረሽም። ብዙ እናቶች በዚህች አንዲት ቃል ቤታቸው ገብተው ዓመት ከመንፈቅ ይቀመጣሉ። ከዚያ ልጁ መቆም ሲያቅተው ይመጣሉ። በዚያን ጊዜም ልንረዳው እንችላለን፣ ግን አንጎሉ እንደ ጭቃ ለስላሳ የነበረበት ጊዜ አልፏል።

መጀመሪያ የሆነውን እንረዳ። ልጅሽ ማህፀን ውስጥ ሳለ የሚተነፍሰው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። ምጥ ሲረዝም፣ ወይም እትብቱ ሲጨመቅ፣ ወይም እንግዴ ልጁ ቀድሞ ሲላቀቅ ደምና ኦክስጅን ያጥረዋል። የሕፃን አንጎል ደግሞ ብዙ ነዳጅ የሚበላ ሞተር ነው። በእኛ ካርዶች ላይ ይህ «ፒኤንኤ» ተብሎ ይጻፋል፣ መታፈን ማለት ነው። አንጎሉ ከተጎዳ ደግሞ «ኤችአይኢ» ይባላል። ካርድሽን አውጪና ከዚህ ቃል አጠገብ 1፣ 2 ወይም 3 የሚል ቁጥር ፈልጊ። ሳርናት የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት ደረጃ ነው። 1 ከሆነ አብዛኞቹ ልጆች ደህና ይሆናሉ። 3 ከሆነ ከባድ ነው፣ ብዙዎቹ አይተርፉም፣ የሚተርፉትም ጉዳት ይኖርባቸዋል። አንቀጥቅጦት፣ በቱቦ ተመግቦ፣ በ9 ቀኑ ጡት ይዞ ከወጣ፣ ካርዱን ሳላይ ብገምት 2 ነው እላለሁ። የደረጃ 2 መንገድ ሁለት ነው። አንዳንዱ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ትምህርት ቤት ይገባል፣ አንዳንዱ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም ከአንጎል ጉዳት የመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ ይኖርበታል። ሲወጣ በራሱ መጥባት ጀምሮ ከሆነ ያንን እኔ እንደ ጥሩ ምልክት ነው የማየው። ማረጋገጫ ግን አይደለም።

አፕጋር 3 እና 5 የሚለው ቁጥር እንቅልፍ እንደነሳሽ ገብቶኛል። ቨርጂንያ አፕጋር የማደንዘዣ ሐኪም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1953 ይህን ነጥብ ያወጣችው አዋላጁ በዚያች ደቂቃ ሕፃኑን ቀና ብሎ እንዲያየው ነው። ቀለሙ፣ የልብ ምቱ፣ ሲነኩት የሚያሳየው ምላሽ፣ የጡንቻው ጥንካሬና አተነፋፈሱ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይሰጣቸዋል። ስለ መጪው ዘመን እንዲናገር የተሠራ ቁጥር አይደለም። የልጅሽ ቁጥር ከአንደኛው ደቂቃ እስከ አምስተኛው ከፍ ብሏል። ጭንብሉን የያዘው ሰው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠላው። አማትሽን አላውቃቸውም፣ ክፉ ሰው ናቸውም አልልም። ሰው መከራ ሲደርስ ምክንያት ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ እናትየዋ ትሆናለች። እውነቱን ልንገርሽ። በእርግዝና ጊዜ «ይህን ያህል አልኮል አይጎዳም» የሚባል ልክ የለም። ጠላም ጠጅም አረቄም አልኮል ነው። አዘውትራ የጠጣች እናት ልጅ ሊያንስ፣ ጭንቅላቱ ሊጠብብ፣ ፊቱ ላይ የተለየ መልክ ሊኖረው፣ በኋላም ለመማርና ለመረጋጋት ሊቸገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ስም የወጣለት ሕመም ነው። ጫትም ቢሆን የሕፃኑን ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ ለሚቀጥለው እርግዝና ጠላዋን ተያት። ያንቺ ልጅ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በበዓል ቀን የተቀመሰ ጠላ በዘጠኝ ወሩ የደረሰን ልጅ በምጥ ሰዓት አያፍነውም። ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ምጥ ነው ወደዚያ የሚያደርሰው። ምጥሽን ደግሞ አንቺ አላረዘምሽውም። ይህቺን አንቀጽ ለአማትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

የእህትሽ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ውሸት አልነገረችሽም። ከመታፈን በኋላ አንጎል ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው። አንደኛው ኦክስጅን ያጣባት ሰዓት ናት። ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት ያገገመ ይመስላል። ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ማዕበል ይመጣል፣ ሴሎቹ ማበጥና መሞት ይጀምራሉ። ልጅሽ እንደተወለደ ሳይሆን ሌሊቱን ያንቀጠቀጠው ለዚህ ይመስለኛል። አሜሪካና አውሮፓ በዚያች በመካከሏ ጊዜ ሕፃኑን በልዩ ፍራሽ ወደ 33 ከግማሽ ዲግሪ ያወርዱትና 72 ሰዓት ያቆዩታል። እዚያ ሕይወትም አካልም አድኗል።

እኛ ጋ ለምን አይደረግም? መሣሪያው ስለሌለ ብቻ አይደለም። ህንድ፣ ስሪላንካና ባንግላዴሽ ውስጥ በ408 ሕፃናት ላይ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። ከቀዘቀዙት ከ100ው 42ቱ ሞቱ፣ ካልቀዘቀዙት ደግሞ 31ዱ። ከአካል ጉዳትም አላዳነም። ለምን እንደዚያ ሆነ የሚለው ገና ያከራክራል። ስለዚህ ማንም እዚህ «አልቀዘቀዘም» ብሎ ልጅሽን አልበደለውም። በቤት ውስጥ ደግሞ ልጅሽን እንዳታቀዘቅዢው። ጨቅላ ሕፃን በብርድ ይሞታል። እህትሽን ግን አንድ ነገር ጠይቂያት። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ገና 3 ዓመት ሳይሞላው ባለሙያ ቤቱ ድረስ እየመጣ የሚያሠለጥንበት በሕግ የተቋቋመ አገልግሎት አለ። ከማቀዝቀዙ ይልቅ ይኼኛው ነው እዚህም ልንኮርጀው የምንችለው። የሚፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፣ እጅና ትዕግሥት ነው።

የፌኖባርቢታሉን ነገር በሁለት መንገድ ተጠንቀቂ። አንዱ፣ ዛሬ ተነስተሽ አታቁሚው። ድንገት ከተቋረጠ ማንቀጥቀጡ ሊመለስ ይችላል። ሌላው፣ «የተሰጠ መድኃኒት ነው» ብለሽ ወር ከወር አትቀጥዪበት። የዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከመታፈን የመጣ ማንቀጥቀጥ ካቆመ መድኃኒቱ ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት ቢቋረጥ ይመረጣል። መድኃኒቱ ያስተኛል፣ ጡት የመሳብ ኃይልንም ያዳክማል። ልጅሽ ቶሎ የሚደክመው በከፊል ከዚያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪምሽን ፊት ለፊት ጠይቂው፦ «ለምን እየወሰደ ነው? እስከ መቼ? እንዴት እየቀነስን እናቆማለን?» መልስ ከሌለው ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ። አያስቀይምም።

ቤት ውስጥ ድንገት ካንቀጠቀጠው በጎኑ አስተኚው፣ ሰዓት ተመልከቺ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቺ። ክብሪት ለኩሰሽ አታሽትቺው። ይህን የምለው በየሰፈሩ ስለሚደረግ ነው። ጭሱ መተንፈሻውን ያውካል እንጂ ማንቀጥቀጥ አያቆምም። 5 ደቂቃ ካለፈው ወደ ጤና ተቋም ሩጪ። መንቀጥቀጥ ሁሉ የሚጥል በሽታ አይደለም ደግሞ። እግሩን ወይም እጁን ያዝ ስታደርጊው ቀጥ ካለ፣ ወይም ሲደነግጥና ሲያለቅስ ብቻ ከሆነ፣ የጨቅላ መንቀጥቀጥ ነው። ብትይዢውም ካላቆመ፣ ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ከተጎተተ፣ አፉን ያለ ምክንያት የሚያመነዥክ ከሆነ ያ ሌላ ነው። ስልክሽን አውጪና ቅረጪው። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከግማሽ ሰዓት ገለጻ ይበልጥብኛል።

አሁን አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት እናት የ5 ወር ልጇን ይዛ መጣች። ሲወለድ ታፍኖ ነበር። «ዶክተር፣ ልጄ ይሰግዳል» አለችኝ። እንዴት አልኳት። «ከእንቅልፉ ሲነሳ እጁን ዘርግቶ አንገቱን ይሰብራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሰግዳል፣ አሥር ጊዜ ያህል። ከዚያ ያለቅሳል» አለችኝ። ደክሞኝ ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል አየሁት፣ ልጁ ምንም አላደረገም። «ቁርጠት ነው» ብዬ ሸኘኋት። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰች። ይስቅ የነበረው ልጅ አይስቅም። ዓይኑ ሰው አይከተልም። እናቲቱ መጀመሪያ ቀን በትክክል ነግራኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ይህ ዌስት ሲንድረም የሚባል የሕፃናት የሚጥል በሽታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ዌስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ ያውም በገዛ ልጁ ላይ አይቶ። በዘመኑ የተሰጠው ስምም «የሰላምታ» የሚል ነበር፣ ምክንያቱም ልጁ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ጎንበስ ቀና ይላል። እናቲቱ «ይሰግዳል» ስትል ልክ ነበረች። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ይጀምራል። አንዷ ስግደት አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ብቻ ናት፣ ግን ተከታትላ ትመጣለች። እንደ ልጅሽ አንጎላቸው ተጎድቶ የነበሩ ልጆች ላይ ከሌላው በላይ ይታያል። ፌኖባርቢታል አይበቃውም። ሌላ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን፣ በአስቸኳይ ይጀመራል። እያንዳንዱ የዘገየ ሳምንት ከልጁ ይቀንሳል። ስለዚህ ካየሽ «ነገ» አትበዪ። ቪዲዮውን ይዘሽ በዚያው ቀን ሂጂ፣ «ቁርጠት ነው» ቢሉሽም ተከራከሪ።

ወደ ዛሬው ኑሮ እንመለስ፣ ወደ መመገቡ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። አንጎሉ የተጎዳ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የሚታመመው በአብዛኛው በአንጎሉ ሳይሆን በሳምባው ነው፣ ወተት ወደተሳሳተው ቧንቧ እየገባ። በጀርባው ጠፍጣፋ አድርገሽ አታጥቢው። ጭንቅላቱ ከሆዱ ከፍ ይበል፣ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ይበል። አንገቱ ወደ ኋላ ከተቀለበሰ መዋጥ አይችልም። አንቺም ራስሽን ወደ ኋላ ጥለሽ ምራቅሽን ለመዋጥ ሞክሪ፣ ይገባሻል። ጡትሽን ከሥር በመዳፍሽ ስትይዢ አውራ ጣትሽና አመልካች ጣትሽ የልጁን ጉንጭና አገጭ ደገፍ ያድርጉት። ደካማ አገጭ ሲደገፍ አሳሳቡ ይበረታል።

ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ከሆነ ግን የሚያቃጥለው ጉልበት ከሚያገኘው ይበልጣል። ያን ጊዜ አልቢና በሲኒ ስጪው። አዎ፣ በቡና ሲኒ። በደንብ የታጠበና የተቀቀለ፣ ጠርዙ ያልተሸረፈ። ልጁን ቀና አድርገሽ ጭንሽ ላይ ያዢው፣ የሲኒውን ጠርዝ የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፊ፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ አዘንብዪ። አፉ ውስጥ አታፍስሺበት። ምላሱን አውጥቶ እንደ ድመት ይልሳል። ስታዪው ትስቂያለሽ። ጡጦ የምትፈልጊ ከሆነ የሚታጠብ ብዙ ነገር እንዳለው አስቢ፣ ሲኒ ግን ምንም የሚደብቀው የለም። የታለበ የጡት ወተት ሙቀት በሌለበት ቤት 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። በየሳምንቱ ተመሳሳይ ሚዛን ላይ አስመዝኚው። በዚህ ዕድሜ በሳምንት 150 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ መጨመር አለበት። ካልጨመረ፣ ወይም ሲበላ ሁልጊዜ ትን የሚለው፣ ደረቱ የሚያጉረመርም፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ ቶሎ ይታይ። ቅቤ ማዋጥና አብሽ ማጠጣት እንደማያስፈልገው ልንገርሽ ወይስ ታውቂዋለሽ? ቅቤ ሳምባ ከገባ መውጫ የለውም።

ፊዝዮቴራፒ ሲባል ሰው ክፍያና ማሽን ይታየዋል። እስከ 3 ወሩ ድረስ ግን ዋናው ፊዝዮቴራፒስት አንቺ ነሽ፣ ክፍለ ጊዜውም ዳይፐር መቀየሪያ፣ ማጠቢያና ማቀፊያ ነው። ግትር የሚል ልጅ ሲሆን እናቶች በብብቱ ይዘው ሲያቆሙት «ጠንካራ ነው፣ ይቆማል» ይላሉ። ያ ጥንካሬ አይደለም፣ ግትርነቱን ነው የምትመግቢው። ይልቅ አጥፈሽ ያዢው። ጉልበቱ ታጥፎ፣ ሁለት እጁ ፊቱ ዘንድ ተገናኝቶ፣ ማህፀን ውስጥ እንደነበረው። ዳይፐር ስትቀይሪ በቁርጭምጭሚቱ አታንጠልጥዪው፣ ዳሌውን ወደ ጎን አገላብጠሽ አንሺ። እግሩን አጣብቀሽ እንደ ጥቅል አትጠቅልዪው።

ነቅቶ ሳለ በቀን ብዙ ጊዜ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም፣ በሆዱ ደረትሽ ላይ አስተኚው። ድምፅሽን ፈልጎ አንገቱን ያነሳል። ሲተኛ ግን ሁልጊዜ በጀርባው። አንገቱ ሲጸና ደግሞ እዘዪው። አንቀልባ የልጁን እግር ከፍቶ ዳሌውን በጥሩ ቦታ ያስቀምጣል። ፈረንጆቹ ውድ ማቀፊያ ገዝተው የሚያደርጉትን አያቶቻችን በቆዳ ሠርተውታል። አሁን በ6 ሳምንቱ ግን አንገቱ ስላልጸና ገና ነው።

ዓይኑንም አሠሪው። የታፈኑ ልጆች ዓይናቸው ደህና ሆኖ አንጎላቸው የሚያየውን ላይተረጉም ይችላል። ቀይና ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ አለሽ? ጥለቱን ከፊቱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገሽ ያዢና ቀስ ብለሽ ወደ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሺ። ዓይኑ ጥለቱን ያዝ አድርጎ ይከተላል? ከዚያ ፊትሽን አሳዪው። በ2 ወር ገደማ ፈገግታ እንጠብቃለን። እስከ 3 ወሩ ጨርሶ ካልተከተለና ካልሳቀ ለዓይን ሐኪም አሳዪው። ጆሮውም ይፈተሽ። በር ሲጋጭ ስለደነገጠ ይሰማል ማለት አይደለም።

በየወሩ የማየው ምንድን ነው ትዪኝ ይሆናል። በ4 ወሩ አንገቱ እየጸና፣ እጁ ከጡጫነት እየተፈታ መሆን አለበት። አውራ ጣቱ ሁልጊዜ መዳፉ ውስጥ ተቀብሮ ከቀረ፣ እግሮቹ እንደ መቀስ የሚጠላለፉ ከሆነ ጻፊው። አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ «ግራኝ ነው» አትበዪ። ከ1 ዓመት በፊት ግራኝ ቀኝ የለም፣ ሌላኛው እጅ ደከመ ማለት ነው። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ለአብዛኞቹ ልጆች እስከ 9 ወር፣ ብቻ መራመድ እስከ 18 ወር ይሆናል። ግን እስከዚያ አንጠብቅም። ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ሕፃኑ በጀርባው ተኝቶ እጅና እግሩ የሚያደርገው ትንንሽ የመፍጨርጨር እንቅስቃሴ አለ። የሠለጠነ ዓይን ከዚያች ብቻ ብዙ ይረዳል። ስለዚህ በ3 ወር ተኩሉ፣ ነቅቶና ደስ ብሎት ሳለ፣ በጀርባው አስተኝተሽ፣ ልብሱን አሳስተሽ፣ ሳትነኪውና ሳታጫውቺው 3 ደቂቃ ቅረጪልኝ።

ከሁሉ የሚረክሰው መሣሪያ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። የጭንቅላቱን ዙሪያ ከቅንድቡ በላይ አድርገሽ ከኋላ እስከ ጎበጠው ቦታ ለኪ። በዘጠኝ ወር የተወለደ ልጅ ወደ 35 ሳንቲም ሜትር ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2 ሳንቲም ያህል ያድጋል፣ ከዚያ እስከ 6 ወር አንድ፣ ከዚያ ግማሽ። እድገቱ ቀጥ ካለ አንጎሉ እያደገ አይደለም ማለት ነው። ከልክ በላይ ካደገ፣ እርግብግቢቱም ካበጠ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ኤምአርአይ ካልተነሳ አትቆጪ። ውድ ነው፣ ያለውም ጥቂት ከተማ ላይ ነው። በእርግብግቢቱ በኩል የሚነሳው አልትራሳውንድ «ደህና ነው» ቢልም ሙሉ በሙሉ አትተማመኚበት፣ የሚያመልጠው ብዙ ነው።

መተኮስን በተመለከተ፦ አይሆንም። የጋለ ብረት ለአንጎል የሚያደርገው ነገር የለም። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ቴታነስም ሊያስከትል ይችላል። እንጥል ማስቆረጥም እንደዚያው፣ በተለይ መዋጥ ለሚቸግረው ልጅ። ስለ ጠበል ግን ከአማትሽ ጋር አትጣዪ። እኔም የማምን ሰው ነኝ። መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ ልጁ አይብረደው፣ በቃ። ክርስትናውም በ40 ቀኑ አልፎ ከሆነ አልፏል፣ ካልሆነም ካህኑን ውሃው ለብ እንዲልላችሁ ጠይቋቸው፣ ወዲያው አድርቃችሁ ጠቅልሉት። አማትሽን ከጠብ ይልቅ ሥራ ስጫቸው። ሲኒውን የሚቀቅል፣ ጥለቱን የሚያሳይ፣ ሌሊት አንድ ጊዜ ተነስቶ አንቺን የሚያስተኛ ሰው ያስፈልጋል።

ያንቺም ነገር አለ። ማልቀሱ ካላቆመ፣ ልጁን ማየት ካስጠላሽ፣ «ባልወለድኩት» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ያ ክፉ እናትነት አይደለም። የአራስ ድብርት ይባላል፣ ይታከማል። ለሚከታተልሽ ጤና ባለሙያ ንገሪ። ቀጣይ ልጅ ስታስቢ ደግሞ ይህን ታሪክ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ተናገሪ። ኦፕሬሽን መሥራት በሚችል ሆስፒታል ነው መውለድ ያለብሽ።

ሴሬብራል ፓልሲ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ አልጻፍሽውም፣ ግን ከ«ይራመዳል?» ጀርባ ቆሟል። ቢሆንም በሽታው እየባሰ የሚሄድ አይደለም፣ ጉዳቱ አንዴ ደርሶ ያለፈ ነው። የሚለዋወጠው እኛ የምናደርገው ነው። በበለጸጉት አገሮች መዝገብ ከ3ቱ 2ቱ ገደማ ይራመዳሉ፣ አንዳንዶቹ በድጋፍ። በ2 ዓመቱ ብቻውን መቀመጥ የቻለ ልጅ የመራመድ ተስፋው ትልቅ ነው። እኛ ጋ ቸሻየር ሰርቪስስ ኢትዮጵያ የመሰሉ ድርጅቶች ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ይሠራሉ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዝዮቴራፒስቶች ያሠለጥናል። ቁጥራቸው ከልጆቹ ብዛት ጋር አይመጣጠንም። ለዚህ ነው እጅሽን አሁን ማሠልጠን የፈለግሁት።

የ45 ቀን ክትባቱ በዚህ ሳምንት ይመስለኛል። «አንቀጥቅጦት ነበር» ብለሽ እንዳትዘዪው። ለነርሷ ታሪኩን ንገሪያት፣ ማንቀጥቀጡ ካቆመ ክትባቱ ይሰጣል። ትኩሳት ቢመጣ ምን ያህል ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ እንደምትሰጪው እዚያው ጠይቂያት። ስትሄጂ ሦስት ነገር ያዢ፦ ካርዱን፣ ስልክሽንና ሜትር። እዚያው አስመዝኚው፣ የጭንቅላቱን ዙሪያ አስለኪው። ሁለቱን ቁጥር ካርዱ ላይ ካለው የውልደት ቁጥር ጋር ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ከዚያ ስለ ፌኖባርቢታሉ እንነጋገራለን።